ሪሴፕተሮቹ ተሰበሰቡ ከማለታችሁ በፊት፦ በሕያው ሴል ላይ የክላስተር ምስል ችግርና መፍትሄ

ማይክሮስኮፕ ማብራት፣ ሌዘር ማስተካከልና ሴል ማሳደግ ታውቃላችሁ ብዬ ልጀምር። ይህ ጽሑፍ ከዚያ በኋላ ለሚመጣው ጣጣ ነው፤ ምስሉ እያማረ ውሸት ለሚሆንበት ጊዜ።

የማወራው በዋናነት ስለ ኢጂኤፍአር ነው። ይህ በሴል ሽፋን ላይ ተተክሎ «እደግ፣ ተከፋፈል» የሚል መልእክት የሚቀበል ሪሴፕተር ነው። ኢጂኤፍ የምትባል 53 አሚኖ አሲድ ያላት ትንሽ ፕሮቲን ስትይዘው ሁለት ሁለት ሆኖ ይጣመራል፤ ቀጥሎ ይሰባሰባል፤ ስብስቡን ክላስተር እንለዋለን። በ1978 እ.ኤ.አ. ሽሌሲንገርና ባልደረቦቹ ይህን መሰባሰብ በሕያው ሴል ላይ በሚያበራ ቀለም አይተውታል። ሌላ ሪሴፕተር ላይ የምትሠሩም ብትሆኑ አብዛኛው ነገር ያገለግላችኋል።

ምልክት፦ ኢጂኤፍ ሳይገባ ሽፋኑ በነጥብ ተሞልቷል

ይህን ብልሽት ስንት ጊዜ እንዳየሁት መቁጠር ትቻለሁ።

መንስኤው ሪሴፕተሩን ፈልጎ እንዲይዝ የምትጨምሩት አንቲቦዲ (ፀረ እንግዳ አካል) ራሱ ነው። ሙሉ አንቲቦዲ ሁለት እጅ አለው። በአንዱ እጁ አንድ ሪሴፕተር ይይዛል፣ በሌላው ሌላ። ላዩ ላይ ቀለም ያለበት ሁለተኛ አንቲቦዲ ስትደርቡ ደግሞ የተያዙትን መልሶ እርስ በርስ ያስራቸዋል። ሴሉ ሕያው ስለሆነ ሪሴፕተሮቹ ሽፋኑ ላይ ይንሸራተታሉ። ተንሸራተው በተገናኙ ቁጥር ይታሰራሉ። ክላስተሩን የሠራችሁት እናንተ ናችሁ፣ ሴሉ አይደለም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1971 እ.ኤ.አ. ቴይለር፣ ደፈስ፣ ራፍና ደ ፔትሪስ በሊምፎሳይት (አንድ ዓይነት ነጭ የደም ሴል) ላይ አሳይተውታል። ባለ ሁለት እጁ አንቲቦዲ የሴሉን የላይ ሞለኪውሎች በየቦታው ሰበሰባቸው፤ ሴሉ ሲሞቅ ደግሞ ሁሉም ወደ አንድ ጫፍ ተገፍተው እንደ ቆብ ተከመሩ። አንድ እጅ ብቻ ያለው ቁራጭ፣ ፋብ የምንለው፣ ይህን አላደረገም። ከዚያ ወዲህ ከ50 ዓመት በላይ አልፏል። እኔ ጋ ግን ዛሬም ይኸው ምስል ይመጣል።

አንዲት የሀገሬ ልጅ፣ የዶክትሬት ተማሪ፣ አንድ ቀን ላፕቶፗን ታቅፋ መጣች። «ጋሼ፣ በመጨረሻ ተሰበሰቡልኝ!» አለችኝ። ምስሉ እውነትም ያምራል። ጥቁር መደብ ላይ እንደ ተበተነ ጤፍ የሚያበሩ ነጥቦች።

«ኢጂኤፍ ያልገባበትን ሳህን እስቲ አሳዪኝ» አልኳት። ከፈተችው። ያው ጤፍ።

«ይሄኛው እኮ ትንሽ ይቀንሳል» አለች፣ ድምጿ ዝቅ ብሎ። አልቀነሰም ነበር። የሦስት ወር ሥራዋ በሙሉ በሁለት ዙር አንቲቦዲ፣ በ37 ዲግሪ የተሠራ ነው።

በማግስቱ አብረን በፋብ ደገምነው። ያው ሴል፣ ያው ሌዘር፣ ያው ካሜራ። ኢጂኤፍ ከመግባቱ በፊት ሽፋኑ ወጥ የሆነ፣ ቀስ ብሎ የሚርመሰመስ ብርሃን ነበር። ዝም ብላ አየችው። ከዚያ ኢጂኤፉን ጠብ አደረግን። ደቂቃዎች ሳይቆዩ ነጥቦች ብቅ ብቅ አሉ። ከመጀመሪያው ምስሏ ያነሱና የፈዘዙ ናቸው። እውነተኞቹ ግን እነሱ ናቸው።

ስለዚህ ሕያው ሴል ላይ ሙሉ አንቲቦዲ አታስገቡ። ሙሉው 150 ኪሎዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) ገደማ ነው፣ ፋብ 50፣ ከግመልና ከላማ ዘር የሚገኘው ናኖቦዲ ደግሞ 15 ገደማ። ከሦስቱ ናኖቦዲ ቢገኝ እመርጣለሁ። ሪሴፕተሩን በጂን ማስተካከል የምትችሉ ከሆነ ደግሞ ሃሎ ታግ ወይም ስናፕ ታግ (ቀለም የሚይዙ ትንንሽ ፕሮቲኖች) ቀጥሉበትና ቀለሙን በቀጥታ አጣብቁ።

አሁን ተጠንቀቁ። ፋብ ተብሎ የመጣ ሁሉ ፋብ አይደለም። አንድ ጊዜ ልጆቹ «ፋብ ተጠቅመናል፣ አሁንም ነጥብ አለ» ብለው ሁለት ሳምንት አለቁ። ጠርሙሱን አየሁት። የተቆረጠው ፔፕሲን በሚባል ኢንዛይም ነው። ፔፕሲን የታችኛውን ግንድ ይቆርጣል እንጂ ሁለቱን እጆች አይለያይም። እጅ ለእጅ የሚለያየው ፓፓይን ነው። ሌላ ጊዜ ደግሞ በፓፓይን የተቆረጠ መጣ፣ ግን ቆረጣው አላለቀም፣ ማጣሪያውም የይድረስ ይድረስ ነው። ሙሉ አንቲቦዲ ውስጡ ቀርቷል። ይህን ያህል ዋጋ እያስከፈሉ እንዲህ ያለ ዕቃ መላክ ያናድደኛል።

ማጣራቱ ቀላል ነው። ጠርሙሱ እንደመጣ ትንሽ ወስዳችሁ ፕሮቲንን በክብደቱ በሚለይ ጄል ላይ አሂዱት። ሰንሰለቶቹን የሚያላቅቅ ኬሚካል፣ ዲቲቲም ሆነ ሜርካፕቶኤታኖል፣ አትጨምሩ። 50 ኪሎዳልተን ገደማ ላይ አንድ መስመር ብቻ ከታየ ጥሩ ነው። 110 ገደማ ላይ ካለ ሁለቱ እጆች አልተለያዩም። 150 ላይ ቀጭን መስመር እንኳ ካያችሁ ያንን ጠርሙስ ሕያው ሴል ላይ አታድርጉት።

ፋብ ላይ ሁለተኛ አንቲቦዲ አትደርቡ፤ ድካሙን ሁሉ ገደል ትከቱታላችሁ። ባዮቲን ያለበት ኢጂኤፍ ላይ ባዮቲንን የሚይዘውን ፕሮቲን፣ ተራ ስትሬፕታቪዲን፣ ማድረግም ያው ነው፤ እሱ እንዲያውም አራት መያዣ አለው። አንድ መያዣ ብቻ እንዲሠራ ተደርጎ የተዘጋጀ አለ፣ እሱን ፈልጉ። «በበረዶ ላይ ብሠራውስ?» ይሉኛል። ቅዝቃዜ ሴሉ ሪሴፕተሩን እንዳይውጥ ያደርጋል እንጂ የአንቲቦዲውን እጅ አያስርም።

ደግሞ ፋቡ የሚይዝበትን ቦታ እወቁ። ኢጂኤፍአርን የሚይዘው የሴቱክሲማብ አንቲቦዲ ፋብ ለምሳሌ ኢጂኤፍ የሚቀመጥበትን ቦታ ይዘጋል። በእሱ ቀለም ቀብታችሁ ኢጂኤፍ ብትጨምሩ ምንም ሳይሆን ይቀራል፤ ከዚያ ኢጂኤፉ ተበላሸ ብላችሁ ሌላ ታዛላችሁ።

ምልክት፦ ነጥቦቹ ደምቀዋል፣ አንዳንዶቹ ይሮጣሉ

ኢጂኤፍ ከገባ 10 ደቂቃ አልፎታል። አንዳንድ ነጥብ ቀጥ ባለ መስመር ብዙ ማይክሮሜትር ይጓዛል። ያ ሽፋን ላይ የለም፣ ሴሉ ውጦታል። በ37 ዲግሪ ኢጂኤፍአር በደቂቃዎች ውስጥ ኢንዶሶም በሚባል የሴል ውስጥ ከረጢት ውስጥ ይገባል።

«በቲርፍ ነው ያየሁት፣ ስለዚህ ሽፋን ላይ ነው» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ቲርፍ የተባለው የማይክሮስኮፕ ዘዴ የሚያበራው ከመስታወቱ 100 እስከ 200 ናኖሜትር ያለውን ነው። የሴል ሽፋን ግን ውፍረቱ ከ10 ናኖሜትር አያልፍም። ከሥሩ ተጠግቶ የቆመ ኢንዶሶም እኩል ያበራል።

ቀለሙ ፍሎረሲን ከሆነ መጨረሻ ላይ ትሪፓን ብሉ ጨምሩ። ጤነኛ ሴል አያስገባውም። ውጭ ያለውን ብርሃን ያደበዝዛል፤ ሳይደበዝዝ የቀረው ውስጥ ነው። ከሴሉ ሥር እስኪደርስ ታገሱት። ቀይ ቻናል ላይ ራሱ ስለሚያበራ እዚያ ሌላ ነገር አትለኩ፤ ሳህኑም ከዚያ በኋላ አያገለግልም። የተሻለው መንገድ በሪሴፕተሩ ውጫዊ ጫፍ ላይ ፒኤችሉኦሪን የተባለ የሚያበራ ፕሮቲን መቀጠል ነው። ኢንዶሶም ውስጥ አሲዱ ያጠፋዋል፣ ስለዚህ በአብዛኛው የሚታየው ውጭ ያለው ብቻ ይሆናል።

ምልክት፦ በጂኤፍፒ የሠራችሁት ሪሴፕተር ብቻ ይሰባሰባል

ጂኤፍፒ አረንጓዴ የሚያበራ ፕሮቲን ነው፤ ተራው ከራሱ ጋር በትንሹ ይጣበቃል። ፈሳሽ ውስጥ አይታወቅም፤ ሽፋን ላይ ተጠጋግቶ ሲቀመጥ ግን ይታወቃል። 206ኛው ቦታ ላይ ያለውን አላኒን በላይሲን የቀየረውን ዓይነት ተጠቀሙ። የያዛችሁት ፕላስሚድ (ጂኑን የሚሸከመው ክብ ዲኤንኤ) ያ ለውጥ እንዳለው ከጓደኛ አፍ አትስሙ። ሴኩዌንስ አሠሩ።

ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ መጥፎ ልማድ አለ፤ በጣም የደመቀውን ሴል መርጦ ማንሳት። የደመቀው ሴል ሪሴፕተር የሞላበት፣ መንቀሳቀሻ ያጣ ሴል ነው። እባካችሁ ከደብዛዛዎቹ ምረጡ። ካሜራው ካልበቃ ችግሩ ካሜራው ነው፣ ሴሉን አታስጨንቁት።

ምልክት፦ ክላስተሩ ሁሉ የሴሉ ጠርዝ ላይ ነው

ሽፋኑ ታጥፎ ነው። የታጠፈ ጨርቅ ድርብ ሆኖ እንደሚጠቁር፣ የታጠፈ ሽፋንም ድርብ ሆኖ ይደምቃል። ዲአይአይ የመሰለ የሽፋን ቀለም በሌላ ቻናል ጨምሩና አንዱን ለሌላው አካፍሉ። አብሮ የደመቀው እጥፋት ነው።

ምልክት፦ ፎከሱ ይሸሻል

ሙቀት ነው። ማሞቂያውን ቢያንስ ከሁለት ሰዓት በፊት አብሩት፤ ኦብጀክቲቩም አብሮ መሞቅ አለበት። የአየር ማቀዝቀዣው ነፋስ ማይክሮስኮፑ ላይ እንዳያርፍ አድርጉ። የሳህኑ መስታወት 0.17 ሚሊሜትር ይሁን። ፕላስቲክ ወለል ያለው ሳህን ለቲርፍ አይሆንም፤ ይህን በሩ ላይ ለጥፌ እንኳ ይዘው ይመጣሉ።

ሴሉ ክብ ሆኖ አረፋ ካወጣ ሌዘር በዝቶበታል፤ ቀንሱ፣ ፎቶውንም አራርቁ። መደቡ በአረንጓዴ ጭጋግ ከተሸፈነ ፊኖል ሬድ የሌለበት ሚዲያ አድርጉ። ሴል በሌለበት መስታወት ላይም ነጥብ ካለ ቀለሙ ረግቷል ወይም መስታወቱ ቆሽሿል፤ ቀለሙን ሴንትሪፊዩጅ አድርጋችሁ ከላይ ያለውን ብቻ ውሰዱ። ሳህኑን ስታንቀሳቅሱ ነጥቡ ስክሪኑ ላይ ባለበት ከቆመ አቧራ ነው።

ይህን ሁሉ አልፎ የቀረ ነጥብ ካላችሁ ድምቀቱን ለኩ። ብርሃን ከ200 ናኖሜትር በታች ያለውን ለይቶ ስለማያሳይ አንድ ሪሴፕተርም ሃያ ሪሴፕተርም አንድ ነጥብ ይመስላሉ። ባዶ መስታወት ላይ በጣም የቀጠነ ፋብ ጠብ አድርጉና በዚያው ሌዘር፣ በዚያው የካሜራ ቅንብር አንሱት። ነጠላ ፋብ ይህን ያህል ያበራል የምትሉት ያኔ ነው። ሴሉ ላይ ያለውን ነጥብ ለዚያ አካፍሉት፤ ውጤቱ አንድ አካባቢ ከሆነ ነጠላ ሪሴፕተር ነው ያያችሁት።