ያለጊዜያቸው የተወለዱ ልጆች የኦቲዝም ልየታ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዕድሜን ከልደት ቀን ብቻ መቁጠር። ለኦቲዝም ልየታ፣ ማለትም ሙሉ ምርመራ የሚያስፈልገውን ልጅ ለመለየት፣ ወላጅ የሚመልሰው ኤም-ቻት-አር የተባለ ባለ 20 ጥያቄ መጠይቅ ከ16 እስከ 30 ወር ላሉ ልጆች ነው። በ28 ሳምንት የተወለደ ልጅ ከሙሉ እርግዝና 40 ሳምንት 12 ሳምንት ጎድሎታል፤ 18 ወር ሲሞላው የተስተካከለ ዕድሜው (የጎደለው ጊዜ ተቀንሶ) 15 ወር ገደማ ስለሆነ ለመጠይቁ ገና ነው። የዚህን ልጅ የ18 ወር ልየታ በ21፣ የ24ቱን በ27 ወሩ ያስደርጉ። «በሰባት ወሩ ነው የተወለደው» ማለት ለዚህ ስሌት አይበቃም፤ ትክክለኛውን ሳምንት ከሆስፒታል መውጫ ወረቀቱ ላይ ይፈልጉ።

ነጥቡን በስህተት መደመር። የስጋት ነጥብ የሚያስቆጥረው «አይ» የሚለው መልስ ነው፤ በ2ኛው፣ በ5ኛውና በ12ኛው ጥያቄ ግን «አዎ»። ሲጠይቁም ይጠንቀቁ፦ ልጁ ብስኩት ፈልጎ በጣቱ መጠቆሙና አውሮፕላን ለማሳየት ብቻ መጠቆሙ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ውጭ አገር ያሉ ወላጆች ታላቅ ልጃቸውን አስተርጓሚ ባያደርጉ ይሻላል፤ አስተርጓሚ ይመደብልን ብለው ሆስፒታሉን ይጠይቁ።

ውጤቱን እንደ ፍርድ መቀበል። ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ከ0 እስከ 2 ዝቅተኛ ስጋት ነው። ከ3 እስከ 7 ሲሆን ተከታይ ቃለ መጠይቅ ይደረጋል፤ ከዚያም በኋላ 2 ወይም ከዚያ በላይ ነጥብ ከቀረ ልጁ ለሙሉ ምርመራ ይላካል። 8 እና ከዚያ በላይ በቀጥታ ይላካል። ያለጊዜው የተወለደ ልጅ በሌላ ምክንያትም ነጥብ ያስቆጥራል፦ የእግሩ ጡንቻ ግትር ሆኖ ካልተራመደ፣ ካልሰማ ወይም በሬቲና ችግር ዕይታው ከደከመ። ኤልጋን በተባለው የአሜሪካ ጥናት፣ ከ28 ሳምንት በፊት ከተወለዱ ሕፃናት 21 በመቶው በ2 ዓመታቸው በቀድሞው የመጠይቁ ቅጂ ስጋት ታይቶባቸዋል። የእንቅስቃሴ፣ የዕይታ፣ የመስማትና የአእምሮ ዕድገት እክል ያለባቸው ከስሌቱ ሲወጡ ግን ከቀሩት 10 በመቶው ብቻ ሆኑ። ስለዚህ የጆሮና የዓይን ምርመራው ጎን ለጎን ይሂድ።

«ያለጊዜው ስለተወለደ ነው፣ ይደርሳል» ማለት። ዘግይቶ መራመድን ይህ ሊያስረዳ ይችላል። በተስተካከለ 18 ወሩ ስሙ ሲጠራ ዞር አለማለቱን ግን አያስረዳም። የሙሉ ምርመራውን ወረፋ እየጠበቁም ቢሆን የንግግር ሕክምናውን ያስጀምሩ።

አንዴ አለፈ ብሎ መተው። በዚያው ጥናት፣ በ10 ዓመታቸው ኦቲዝም ከተገኘባቸው ልጆች በ2 ዓመታቸው በመጠይቁ የተለዩት ግማሽ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ትምህርት ቤት ሲገባ ከእኩዮቹ ጋር እንዴት እንደሚጫወት መምህሩን ይጠይቁ።