ከጎጃም አሜሪካ መጥታችሁ አሮጌ ቤት ለገባችሁ፦ ማሞቂያውንና ማቀዝቀዣውን እንዴት ትይዙታላችሁ?

ከደብረ ማርቆስ፣ ከሞጣ ወይም ከዳንግላ ለመጣ ሰው ብርድ እንግዳ አይደለም። የጮቄን ውርጭ የቀመሰ ሰው ሜሪላንድም ሆነ ሚኒሶታ ሲደርስ ጋቢ ደርቦ የሚያልፈው ሊመስለው ይችላል። እዚህ የሚለየው ግን ቤቱ ነው። የጎጃም ጭቃ ቤት በግድግዳውና በቆርቆሮው መካከል አየር ያስወጣል። እዚህ ቤቱ ተዘግቶ ይሞቃል፤ አሮጌ ሲሆን ደግሞ የማይፈለገው አየር በስንጥቁ ይገባል፣ መውጣት ያለበት ጋዝ ውስጥ ሊቀር ይችላል።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የከሰል ነገር። የቡና ከሰል ቤት ውስጥ፣ ቤዝመንትም ሆነ ጋራዥ ውስጥ አይቀጣጠልም፤ መስኮት ተከፍቶም ቢሆን። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፣ ከቀላ ፍምም ይወጣል። ውጭ አቀጣጥሎ «ጭሱ አልቋል፣ አሁን ይግባ» ማለት እዚህ ቤተሰብ ይገድላል። ቡናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ አፍሉ፤ ለዕጣኑም የኤሌክትሪክ ማጨሻ ይሸጣል።

ይኸው ጋዝ ከተሰነጠቀ ፈርነስ (አየር አሙቆ ወደ ክፍሎቹ የሚነፋው ማሽን) ወይም ከተዘጋ የጭስ ማውጫም ይመጣል። በየፎቁና በመኝታ ቤቶች አጠገብ የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም ይኑር። በየወሩ ቁልፉን ተጭናችሁ ሞክሩት፤ ጀርባው ላይ የተጻፈውን የአገልግሎት ዘመን እዩ፣ ብዙዎቹ ከ7 እስከ 10 ዓመት ብቻ ነው የሚያገለግሉት። ከጮኸ ወይም ቤተሰቡ በአንድ ላይ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከያዘው ሁላችሁም ውጡና ከውጭ 911 ደውሉ። የተፈጥሮ ጋዝ ግን የበሰበሰ እንቁላል ሽታ እንዲኖረው ተደርጓል። ሲሸታችሁ መብራት ሳታበሩም ሳታጠፉም ውጡ፤ ስልኩም ውጭ ነው የሚደወለው።

የቤታችሁን ዓይነት ለማወቅ ቀላል ነው። በወለሉ ወይም በግድግዳው ፍርግርግ ሞቃት አየር የሚነፍስ ከሆነ ፈርነስ አላችሁ። በመስኮቱ ሥር ከባድ የብረት ራዲያተር ካለ ደግሞ ውሃ ወይም እንፋሎት የሚያሞቅ ቦይለር ነው።

ፈርነስ አልነሳም ብላችሁ ባለሙያ ከመጥራታችሁ በፊት ግድግዳው ላይ ያለው የሙቀት መቆጣጠሪያ፣ ቴርሞስታቱ፣ «ሂት» ላይ መሆኑን እዩ፤ ከክፍሉ ሙቀት 3 ዲግሪ ከፍ አድርጉት፣ ባትሪውን ቀይሩ። ከዚያ ብሬከሩን (የኤሌክትሪክ መቁረጫውን)፣ ቀጥሎም ፈርነሱ ጎን ያለውን የመብራት ማብሪያ የሚመስል ስዊች ተመልከቱ፤ ዕቃ ሲያስገባ መብራት መስሎት የሚያጠፋው ሰው ብዙ ነው። የፈርነሱ በር በደንብ ካልገጠመም ማሽኑ አይነሳም። ጭሱን በነጭ የፕላስቲክ ቱቦ በግድግዳ የሚያስወጣ ከሆነ የውጭውን አፍ በረዶ እንዳልደፈነው እዩ።

ፊልተሩን ግን ችላ አትበሉት። የቆሸሸ ፊልተር አየር ያንቃል፣ ፈርነሱ ከልክ በላይ ይሞቅና ራሱን ያጠፋል፤ ሲበርድ ይነሳል፣ እንደገና ይጠፋል። ልኩ ጠርዙ ላይ ተጽፏል፤ 16 በ20 በ1 ወይም 16 በ25 በ1 ኢንች የተለመዱ ናቸው። ቀስቱ ወደ ፈርነሱ ይዙር። የማጣሪያው ደረጃ መርቭ ይባላል፤ ለአሮጌ ቤት መርቭ 8 በቂ ነው፤ ቀጭን መርቭ 13 አየሩን ሊያፍን ይችላል። በየ1 እስከ 3 ወሩ ቀይሩ። ወጥ በብዛት የሚቁላላበት ቤት ቶሎ ይቆሽሻል፤ የምድጃውን አየር ማውጫ አብሩት።

ነበልባሉ ተነስቶ በጥቂት ሰከንድ ከጠፋና ይህ ከተደጋገመ አብዛኛውን ጊዜ የቆሸሸው ነበልባል መኖሩን የሚለየው፣ ፍሌም ሴንሰር የሚባል ቀጭን ዘንግ ነው። ባለሙያ ነቅሎ ያጸዳዋል፤ አጭር ሥራ ነው። ይህን ሳይሞክር «አዲስ ፈርነስ ያስፈልጋል» ለሚላችሁ ሰው አትፈርሙ፤ ሌላ ባለሙያ ጥሩ።

የውሃ ራዲያተር ከላይ ቀዝቅዞ ከታች ከሞቀ አየር ይዟል። ቦይለሩን አጥፉና ሲቀዘቅዝ የራዲያተሩን አየር ማውጫ በትንሿ ቁልፍ ሩብ ዙር ክፈቱ፤ ሲፍ ብሎ አየሩ ወጥቶ ውሃ ሲመጣ ዝጉ። በባለ ሁለት ፎቅ ቤት ቦይለሩ ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ከ12 እስከ 15 ፒኤስአይ አካባቢ ይሁን። አንድ ቧንቧ ብቻ ያለው የእንፋሎት ራዲያተር ይለያል፦ ቫልቩ ወይ ሙሉ ክፍት ወይ ሙሉ ዝግ ነው። በግማሽ ከተተወ ውሃው መመለሻ አጥቶ ቧንቧው እንደ መዶሻ ይጮሃል።

ለአሮጌ ቤት የመጀመሪያው ብር ለማሽን ሳይሆን ለስንጥቅ ቢወጣ ይሻላል። ነፋስ ባለበት ቀን የእጃችሁን ጀርባ አርጥባችሁ በመስኮቱና በበሩ ዙሪያ አሳልፉ፤ የሚቀዘቅዝበትን ምልክት አድርጉ። ለበሩ ሥር ማገጃ ጎማ፣ ለመስኮቱ በፀጉር ማድረቂያ የሚወጠር ፕላስቲክ ግዙ። የቤቱ ባለቤት ከሆናችሁ ከኮርኒሱ በላይ ያሉትን ቀዳዳዎች አስቀድማችሁ አስደፍኑ፣ ከዚያ ነው ሙቀት መያዣው የሚጨመረው፤ በብርድ አገር አር የሚባለው የሙቀት መያዣው ልክ ከአር-49 እስከ አር-60 ነው። ቧንቧ ላይ የተጠቀለለ አሮጌ ነጭ ሽፋን ለጤና አደገኛ የሆነው አስቤስቶስ ሊሆን ስለሚችል አትንኩት።

ተንቀሳቃሽ ማሞቂያ 1500 ዋት ይስባል፤ በ120 ቮልት 12.5 አምፒር ማለት ነው። 15 አምፒር መስመር ላይ የእንጀራ ምጣድ ከተጨመረ ብሬከሩ ይወርዳል። ማራዘሚያ ሳትጠቀሙ ግድግዳው ላይ ሰኩት፣ ከመጋረጃና ከአልጋ 1 ሜትር ይራቅ፤ ስትተኙ አጥፉት።

ተከራይ ከሆናችሁ ብልሽቱን በጽሑፍ ለአከራዩ አሳውቁ። ኒው ዮርክ ከተማ ለምሳሌ ከጥቅምት እስከ ግንቦት በፈረንጆቹ ቀን፣ ውጩ ከ55 ፋራናይት ሲወርድ በቀን ውስጡ ቢያንስ 68 እንዲሆን ያስገድዳል። ገቢያችሁ ዝቅተኛ ከሆነ 211 ደውላችሁ ላይሂፕ ስለሚባለው የማሞቂያ ክፍያ እርዳታና ቤቱን ከብርድ ስለሚያሽገው ዌዘራይዜሽን ስለሚባለው እርዳታ ጠይቁ፤ ተከራይም ማመልከት ይችላል።

ሙቀቱ ደግሞ የሚበረታው ጎጃም ዝናብ በሚወርድበት በሐምሌና በነሐሴ ነው። የኤሲው ቧንቧ በረዶ ከሠራ አጥፉት፣ ፋኑን ብቻ አስኪዱ፣ ፊልተር ቀይሩ። ተመልሶ በረዶ ከሠራ የማቀዝቀዣው ጋዝ ሾልኮ ሊሆን ይችላል። ይህ ጋዝ እንደ ቤንዚን አያልቅም፤ ቀነሰ ማለት ቀዳዳ አለ ማለት ነው፣ ቀዳዳው ሳይፈለግ አታስሞሉ። ማሽኑ አር-22 የሚባለውን አሮጌ ጋዝ የሚጠቀም ከሆነ ያ ጋዝ ከ2020 ጀምሮ በአሜሪካ አይመረትም፣ ከውጭም አይገባም፤ ስለዚህ ውድ ነው። ትልቅ ጥገና ከመክፈል መቀየሩ ያዋጣል።

ስትቀይሩ ሂት ፓምፕን አስቡበት፤ በአንድ ማሽን ያሞቃል፣ ያቀዘቅዛል። ቤቱን ሳይለካ አሮጌው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ገልብጦ ዋጋ የሚሰጥ ባለሙያ አይሁን፤ ቤቱ ምን ያህል ማሞቂያና ማቀዝቀዣ እንደሚያስፈልገው የሚያሰላውን «ማኑዋል ጄ» የሚባለውን ስሌት ጠይቁት። ለሂት ፓምፕ ይሰጥ የነበረው የፌዴራሉ 30 በመቶ የታክስ ቅናሽ በ2025 መጨረሻ አብቅቷል፤ እሱን ቆጥሮ የሚያግባባችሁን አትመኑ። ከሦስት ቦታ ዋጋ ውሰዱ፣ የማሽኑ ሞዴል፣ የከተማው ፈቃድና የዋስትናው ጊዜ በውሉ ላይ ይጻፍ።