ሞተሩ እየዞረ አልነሳ ሲል የምንሠራቸው ስህተቶች

ቁልፉን ታዞራላችሁ። ሞተሪኖው ሞተሩን ያሽከረክረዋል፣ «እኝ እኝ እኝ» ይላል፣ ግን አይነሳም። ወዲያው ከጎን አንዱ «ባትሪ ነው!» ይላል። ብዙ ጊዜ አይደለም። ባትሪ ሲሞት «ጠቅ» ብሎ ዝም ነው። በርግጥ እየጎተተ፣ እየተንፏቀቀ የሚዞር ከሆነ ባትሪውን ለኩት፤ ሙሉ የሆነ ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ ሲያድር ወደ 12.6 ቮልት ያሳያል፣ ሞተሪኖው ሲሠራ ከ10 በታች በጣም ከወረደ ደግሞ ሞተሩ ቢዞርም ኮምፒውተሩና እሳቱ በቂ ኃይል ላያገኙ ይችላሉ።

የመጀመሪያው ስህተት እንግዲህ ድምፁን አለመስማት ነው። በተለይ ከወትሮው ፈጥኖና ቀልሎ ከዞረ፣ ያ የለመዳችሁት ምት ጠፍቶ ወጥ የሆነ «ዝዝዝ» ብቻ ከሰማችሁ፣ እጃችሁን ከቁልፉ አንሱ። ታይሚንግ ቤልቱ፣ ቫልቮቹን ከሞተሩ ጋር አብሮ የሚያስኬደው ቀበቶ፣ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። ያኔ ቫልቮቹ ባሉበት ይቆማሉ፣ ፒስተኑ ግን ይወጣል ይወርዳል፤ በብዙ ሞተሮች ላይ ሁለቱ ይጋጫሉ። እያንዳንዱ ሙከራ ጉዳቱን ያባብሰዋል።

ሁለተኛው እልህ ነው። ከመኪና ጋር እልህ መጋባት ምን ያደርጋል? ሞተሪኖውን ከ10 ሰከንድ በላይ በአንድ ትንፋሽ አታስጩኹት፣ በየመሃሉ አንድ ደቂቃ ያህል አሳርፉት፣ ይግላል። ቤንዚኑም ካንዴላዎቹን፣ ማለትም እሳት የሚሰጡትን፣ ያረጥባቸዋል። ኃይለኛ የቤንዚን ሽታ ከመጣ ነዳጅ በዝቶበታል ማለት ነው። ኢንጀክተር (ነዳጅ የሚረጭ) ባላቸው ብዙ መኪኖች የነዳጁን ፔዳል እስከ ወለሉ ረግጦ ይዞ ቁልፉን ማዞር ኢንጀክተሮቹን ስለሚዘጋ የተጠራቀመውን ለማድረቅ ይረዳል። ፔዳሉን ደጋግሞ መምታት የካርቡራተር ዘመን ልማድ ነው፣ እዚህ አይሠራም።

የነዳጅ ጌጁን ማመንም አለ። ጌጅ ይዋሻል። ትንሽ ነዳጅ ይዞ ዳገት ላይ የቆመ መኪና ደግሞ ነዳጁ ከፓምፑ አፍ ሊሸሽ ይችላል። ቁልፉን ሞተሩን ሳታስነሱ ክፈቱና ከኋላ ጆሯችሁን ጣሉ፦ በብዙ የቤንዚን መኪኖች ፓምፑ ለሁለት ሰከንድ ያህል ያጉረመርማል። ዝም ካለ ፓምፕ ከመግዛታችሁ በፊት ፊውዙንና ሪሌውን (ኃይሉን የሚያበራለትን) እዩ። ከጮኸ ደግሞ «ፓምፑ ደህና ነው» ብላችሁ አትዝጉት፤ እየጮኸ ግፊት የማይሰጥ ፓምፕ ሞልቷል።

እሳት መኖሩን ለማወቅ የካንዴላ ገመድ ነቅሎ ብረት ላይ ማስጠጋት የድሮ ጀግንነት ነው። እዚያ ላይ ከ20,000 ቮልት በላይ አለ፣ ኮምፒውተሩንም ሊያቃጥል ይችላል፣ አጠገቡ የቤንዚን ትነት ካለማ አስቡት። የእሳት መሞከሪያ ተጠቀሙ። ወይም ካንዴላውን ፍቱና እዩት። ብዙ ካሽከረከራችሁ በኋላ ደረቅ ከሆነ ነዳጅ አልደረሰውም፤ በቤንዚን ከራሰ እሳቱን ጠርጥሩ።

ቁልፉን ከፍታችሁም ዳሽቦርዱ ላይ የቁልፍ ወይም የመኪና ምልክት ያለበት መብራት ብልጭ ድርግም ማለቱን ካላቆመ ሌላውን ሁሉ ተዉት፣ ብዙ ጊዜ መኪናው ቁልፉን አላወቀውም ማለት ነው። ሁለተኛውን ቁልፍ ሞክሩ።

ናፍጣ ከሆነ ፊልትሮ ከተቀየረ በኋላ መስመሩ ውስጥ አየር ገብቶ እንደሆነ አስቀድማችሁ እዩ። የማስነሻ ስፕሬይ ደግሞ የማሞቂያ ካንዴላ ባለው ናፍጣ ላይ አትንፉ። ያለጊዜው ፈንድቶ ፒስተን ሊሰብር ይችላል።

ትልቁ ስህተት ግን በግምት ዕቃ መቀየር ነው። እኔም ገብቼበታለሁ። መኪናዬ ሲሞቅ ይጠፋል፣ እየዞረ አይነሳም፣ ግማሽ ሰዓት ሲበርድ ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። ካንዴላ ቀየርኩ። ለካንዴላው ኃይለኛ ቮልት የሚሰጠውን ቦቢና ቀየርኩ። ፓምፕ ቀየርኩ። አንድ መካኒክ ቆሞ ካየ በኋላ «ሲዞር የአርፒኤም ቀስቱን አይተኸዋል?» አለኝ። ለካ ቀስቱ ከዜሮ አይንቀሳቀስም ነበር። በሁሉም መኪና ባይሠራም ጥሩ ፍንጭ ነው፦ የክራንክ ሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) ሴንሰር መዞሩን ካልነገረው ኮምፒውተሩ እሳቱን አይለቅም። የመመርመሪያ ማሽን ሲሰካበት ፒ0335 የሚል የብልሽት ኮድ አነበበ። እዚህም ኮዱ የሚናገረው ስለ ሴንሰሩ መስመር ነውና ሴንሰሩን ከመግዛት በፊት ሽቦውንና ሶኬቱን ማየት ይገባል፣ እሱም አየ፣ ሽቦው ደህና ነበር። ሴንሰሩ ተቀየረ፣ አለቀ። የፈታኋቸው ካንዴላዎች፣ ቦቢናውና ፓምፑ እስካሁን ካርቶን ውስጥ አሉ። ሁሉም ይሠራሉ።