ሪል ከመግዛታችሁ በፊት፦ ስፒኒንግ፣ ቤይትካስተር ወይስ በተን የሚጫነው?

ስፕሪንግ ገብቶ ፖቶማክ ወንዝ ዳር ሰው መቆም ሲጀምር ስልኬ አያርፍም፣ የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፣ ዓሣ ማጥመድ ልጀምር ነው የትኛውን ሪል፣ ማለትም ዘንጉ ላይ የሚገጠመውን የክር መጠቅለያ፣ ልግዛ። እኔ መልሼ ምን ዓሣ ልትይዝ ነው እላለሁ። ዝም። ሱቅ ገብተህ ግድግዳ ሙሉ ተደርድሮ ስታየው የሚያምረውን ነው እጅህ የሚያነሳው፣ እኔም የተሸወድኩት እንደዛ ነው።

የመጀመሪያ ሪሌ ቤይትካስተር ነበር። ቀይ፣ ትንሽዬ፣ መኪና የምትመስል ነገር። ፖቶማክ ዳር ፍሌቸርስ ኮቭ የሚባል ቦታ ይዣት ሄድኩ፣ ገና አንዴ ስወረውር ክሩ እዛው ሪሉ ላይ ተተራምሶ ቀረ፣ ስፈታ ስወረውር ስፈታ ስወረውር፣ በመጨረሻ በመቀስ ቆረጥኩትና ቤቴ ገባሁ። ጥፋቱ የሪሉ አልነበረም። ቤይትካስተር ላይ ስትወረውር ክሩ የተጠቀለለበት ስፑል ራሱ ይሽከረከራል፣ መንጠቆው ውሃ ላይ አርፎ ስፑሉ ካልቆመ ክሩ ይከመራል፣ በአውራ ጣትህ ጫን አድርገህ ማቆም ያለብህ አንተ ነህ። ማግኔት ወይ ሌላ ፍሬን ተገጥሞለታል ግን ጣትን አይተካም። ከለመድከው ግን ወፍራም ክር ይችላል፣ ያሰብክበት ቦታ ላይ በትክክል ያሳርፍልሃል፣ ሳርና ግንድ የበዛበት ቦታ ባስ የሚባለውን ዓሣ ለሚያጠምድ እሱን የሚያህል የለም። ክብደቱ ቀላል የሆነ መንጠቆ ግን በደንብ አይወረውርም፣ ስለዚህ ለጀማሪ አልመክርም።

ስፒኒንግ ላይ ስፑሉ ሲወረወር አይዞርም፣ ክሩ በላዩ እየተፈታ ይወጣል፣ ለዛ ነው ቀላል መንጠቆ እንኳን ራቅ ብሎ የሚሄደው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛ ሰው መልሴ ሁሌም ስፒኒንግ ነው። ሪሉ ላይ የተጻፈውን የመጠን ቁጥር እዩ፣ 1000 አካባቢ ለትናንሽ ዓሣ፣ 2500 ወይ 3000 ለባስና ለሻድ፣ 4000 እና 5000 ደግሞ ለስትራይፐርና ለብሉ ካትፊሽ። ካምፓኒ ለካምፓኒ ትንሽ ይለያያል። አንድ ብቻ የምትገዙ ከሆነ 3000 ውሰዱና ከ8 እስከ 10 ፓውንድ የሚችል ክር አስሩበት። ችግሩ ክር ያጠማዝዛል፣ ስለዚህ ከወረወራችሁ በኋላ ክሩን የምትይዘውን ሽቦ እጀታ በማዞር ሳይሆን በእጃችሁ ዝጉ፣ ዓሣው ክር እየጎተተ ሲሄድ ደግሞ ዝም ብላችሁ አታዙሩ።

በተን የሚጫነው ስፒንካስት ለልጆች ነው። ዜብኮ 33 ከ1954 ጀምሮ አለ፣ የስድስት ዓመት ልጅ በአምስት ደቂቃ ይለምደዋል። ግን ክሩ ውስጥ ተሸፍኖ ስለሆነ ቢጠላለፍ አታዩትም፣ ሩቅም አይወረውርም፣ ትልቅ ዓሣ ከመጣ አይችልም። የፍላይ ሪል ሌላ ዓለም ነው፣ ዘንጉም ክሩም አወራወሩም ለብቻ ነው፣ አሁን እሱ ውስጥ አንገባም።

ካርቶኑ ላይ ቤሪንግ (ኩሽኔታ) 10 ምናምን ተብሎ በትልቁ የሚጻፈው አያታላችሁ፣ በደንብ የተሠሩ 5 ቤሪንጎች ከርካሽ 12 ይሻላሉ። 6.2:1 የሚለው ደግሞ እጀታውን አንዴ ስታዞሩ ክር የሚጠቀልለው ክፍል 6.2 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ጉልበት፣ ሲበዛ ፍጥነት። ዋናው ነገር ድራጉ ነው፣ ማለትም ዓሣው ሲጎትት ክሩ እንዳይበጠስ እየለቀቀ የሚሰጠው ፍሬን። ሱቅ ውስጥ ድራጉን አላሉት፣ ክሩን ወይ ስፑሉን ሳቡት፣ ሳይንተባተብ ለስላሳ ሆኖ መልቀቅ አለበት። እጀታውን ወደ ኋላ አዙሩት፣ ወዲያው መያዝ አለበት፣ ወለም ዘለም ካለ መልሱት። እጀታው በግራ በኩል መገጠም ይችል እንደሆነም ጠይቁ፣ ስፒኒንግ ላይ አብዛኛው ይቀያየራል፣ ቤይትካስተር ላይ ግን ስትገዙ ነው የምትመርጡት። ዘንግ ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ የስፒኒንግ ዘንግ ሪሉ ከስር ነው የሚንጠለጠለው ክሩ የሚያልፍባቸው ቀለበቶችም ሰፋፊ ናቸው፣ የቤይትካስተሩ ከላይ ነው፣ አይቀያየሩም።

ቤት ስትገቡ ድራጉን ለማስተካከል ሚዛን አትፈልጉም፣ 1 ሊትር ተኩል ውሃ የሞላ ላስቲክ ጠርሙስ ክሩ ጫፍ ላይ እሰሩና ሪሉን ብቻ ይዛችሁ አንሱት። ጠርሙሱ ቀስ እያለ ከወረደ ልክ ነው፣ ምክንያቱም 3.3 ፓውንድ ገደማ ስለሆነ የ10 ፓውንድ ክር ሲሶ ላይ ናችሁ ማለት ነው።

ብሬይድ፣ ማለትም የተጎነጎነ ክር፣ የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ስፑሉ ላይ በቀጥታ አትጠቅልሉት፣ ይንሸራተታል፣ መጀመሪያ ትንሽ ተራ የናይሎን ክር አስቀድሙ። ድራጉ ተበላሸ ብሎ ሪል የመለሰ ሰው አውቃለሁ፣ የተንሸራተተው ክሩ ነበር።

አገር ቤት ስሄድ ይዤ እሄዳለሁ ለምትሉ፣ ለቆሮሶ 2500 ይበቃል፣ ጫሞ ላይ ናይል ፐርች ካማራችሁ ግን በ3000 አትሞክሩት፣ 6000 እና ከዛ በላይ፣ ጠንካራ ብሬይድና ጥሩ ድራግ ያስፈልጋል። ደግሞ ጫሞ ላይ አዞ አለ፣ ክር ሊፈታ ብሎ ውሃው ጫፍ ላይ የሚቀመጥ ሰው እዛ አይመከርም።