በቤተሰብም በሥራም ግሪን ካርድ ሲያመለክቱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አሜሪካ ያለው ወንድሙ ፕሮሰስ ጀምሮለት፣ እሱ ደግሞ በነርስነት ቀጣሪ የሚያፈላልግ ሰው ጎንደር ውስጥ ጥቂት አይደለም። ሁለቱን መንገድ ጎን ለጎን መያዝ ሕጉ ይፈቅዳል፤ አንዱ ማመልከቻ ሌላውን አይሰርዘውም። ጉዳዩን የሚያበላሸው ሁለቱ ፋይሎች ስለ አንድ ሰው የተለያየ ነገር ሲናገሩ ነው።

የቤተሰቡ ተራ ለሥራውም ያገለግላል ብሎ መጠበቅ። አያገለግልም። ወንድም ባስገባው አይ 130 (የቤተሰብ ማመልከቻ ፎርም) የተያዘ ተራ ወደ ቀጣሪው አይ 140 (ቀጣሪ ለሠራተኛው የሚያስገባው ፎርም) አይሸጋገርም። የዜጋ ወንድምና እህት ወረፋ ከአሥር ዓመት በላይ ይወስዳል። በሥራው በኩል ተራው የሚቆጠረው ቀጣሪው ለአሜሪካ የሠራተኛ መሥሪያ ቤት የሠራተኛ ማረጋገጫ ማመልከቻ ካስገባበት ቀን ነው። ለነርሶች ይህ ደረጃ ስለሚቀር አይ 140 ከገባበት ቀን ይጀምራል። ስለዚህ «ወንድሜ ጀምሮልኛል» ብለው የሥራውን አያዘግዩ።

ቁርባንን ወይም የባህል ሠርግን ከጋብቻ አለመቁጠር። ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። ቆንስላው ጋብቻን የሚመዝነው በተፈጸመበት አገር ሕግ ሲሆን፣ የኢትዮጵያ የቤተሰብ ሕግ በሃይማኖትና በባህል የተፈጸመን ጋብቻም ይቀበላል። «የማዘጋጃ ቤት ወረቀት ስለሌለኝ አላገባሁም» የሚል መልስ አያዋጣም። ግሪን ካርድ ያላት እናት ላላገባች ልጇ ያስገባችው ማመልከቻ ልጅቱ ስታገባ በራሱ ይሰረዛል፤ እናትየዋ በኋላ ዜግነት ብታገኝም የወደቀው አይነሣም፣ እንደ አዲስ ማስገባት ግድ ነው። ሠርጉ የተፈጸመው ከዜግነቱ በኋላ ከሆነ ግን ፋይሉ ወደ ያገቡ ልጆች ምድብ ይዛወራል። በሥራው መንገድ ማግባት አይጎዳም፤ የትዳር ጓደኛና ከ21 ዓመት በታች ያሉ ያላገቡ ልጆች አብረው ይሄዳሉ። ሠርግ ከመቁረጥዎ በፊት የትኛው ፋይል እንደሚቀድም ያስሉ። በአንዱ «አላገባሁም»፣ በሌላው «አግብቻለሁ» ብሎ መጻፍ ሐሰተኛ መረጃ ተብሎ ዕድሜ ልክ ሊያስከለክል ይችላል።

የልደት ቀንን በግምት መለወጥ። ዓመቱ ላይ 8 ደምሮ ቀኑንና ወሩን እንዳለ መተው የተለመደ ነው። በጥምቀት ዕለት፣ ጥር 11 ቀን 1990 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 19 ቀን 1998 ናት እንጂ ጃንዋሪ 11 አይደለችም። ታኅሣሥ ላይ የበለጠ ይጠንቀቁ፤ የዚያው ዓመት ታኅሣሥ 22 በ1997 መጨረሻ ሲውል ታኅሣሥ 23 ግን 1998 ውስጥ ይገባል። የልደት ሰርተፊኬት፣ ፓስፖርትና ዲፕሎማ አንድ ቀን መያዝ አለባቸው። የአያት ስምም እንዲሁ ነው፦ «ካሳ» አንዱ ላይ በአንድ «ኤስ»፣ ሌላው ላይ በሁለት «ኤስ» ከተጻፈ ቀድመው ያስተካክሉ።

ስስ የሥራ ልምድ ደብዳቤ። «በመልካም ሥነ ምግባር አገልግሏል» የሚል ወረቀት ለአይ 140 አይበቃም። የድርጅቱ ራስጌ፣ የሥራ መደቡ፣ የተጀመረበትና ያበቃበት ቀን፣ ሙሉ ሰዓት መሆኑና በተግባር የተሠራው ሥራ ተዘርዝሮ መፈረም አለበት። ከተራው ቀን በኋላ የተገኘ ልምድ አይቆጠርም። ነርስ ከሆኑ ቪዛ ስክሪን የሚባለውን የሙያ ማረጋገጫ ለኢንተርቪው ማድረስዎን አይርሱ፤ የእንግሊዝኛ ፈተናው ጊዜ ይበላል።

ለደላላ መክፈል። ፒያሳ ተቀምጦ «የሥራ ስፖንሰር እሸጣለሁ» የሚልን ሰው አይመኑ። የሠራተኛ ማረጋገጫውን ወጪና ለዚያ የሚቆመውን የቀጣሪውን ጠበቃ የሚከፍለው በአሜሪካ ሕግ ቀጣሪው ራሱ ነው።

በጉብኝት ቪዛ ፎርም ላይ መደበቅ። የስደተኛ ማመልከቻ ገብቶልዎት ያውቃል ወይ ተብሎ ሲጠየቁ «አዎ» ይበሉ። ቪዛውን ሊያስከለክል ይችላል፣ ግን መዝገቡ እነሱ ዘንድ ስላለ መካድ ከዚያ ይብሳል።

ባል ዜጋ ሲሆን ልጆቹን መርሳት። ግሪን ካርድ የነበረው ባል ዜግነት ሲያገኝ ሚስቱ ወረፋ መጠበቅ ይቀርላታል። በእሷ ፋይል ሥር የነበሩት ልጆች ግን ለእያንዳንዳቸው የራሳቸው አይ 130 ያስፈልጋቸዋል።

ለናሽናል ቪዛ ሴንተር (ከኢንተርቪው በፊት ክፍያና ሰነድ ለሚሰበስበው የአሜሪካ ቢሮ) መልስ አለመስጠት። ተራ ደርሶ ማስታወቂያ ከመጣ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ ዝም ካሉ ፋይሉ ሊዘጋ ይችላል። ኢሜይሉ የደላላ ወይም የኢንተርኔት ቤት ሳይሆን የራስዎ ይሁን።

ቀድሞ መቸኮል። የሕክምና ምርመራው አዲስ አበባ ኤምባሲው በመደባቸው ሐኪሞች ብቻ የሚደረግ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ የሚያገለግለው እስከ 6 ወር ነው። የኢንተርቪው ቀን ሳይያዝ ከጎንደር ተነሥተው ቢያደርጉት ድጋሚ ሊከፍሉ ይችላሉ። የቪዛ ገደቦችም በየጊዜው ስለሚለዋወጡ፣ ቪዛው ፓስፖርትዎ ላይ ሳይመታ ሥራ አይልቀቁ፣ ቤትም አይሽጡ።