የድምፅ መልእክትን ወደ ጽሑፍ ሲቀይሩ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው

የአራትና የአምስት ደቂቃ የድምፅ መልእክት ለላኪው ቀላል ነው፤ ስብሰባ ላይ ለተቀመጠ፣ መስማት ለሚቸግረው ወይም በመሃል የተነገረውን የባንክ ሒሳብ ቁጥር ከሳምንት በኋላ ለሚፈልግ ተቀባይ ግን አይመችም። የዘመዶቼን መልእክቶች ለዓመታት ወደ ጽሑፍ ስገለብጥ ደጋግመው ያጋጠሙኝን ችግሮች ከነምክንያታቸው ከዚህ በታች አስቀምጫለሁ።

ጽሑፉ በሌላ ቋንቋ ፊደል ወይም ትርጉም በሌለው ቃል ከወጣ

ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ፕሮግራሙ ቋንቋውን በግምት መለየቱ ነው። ኦፕንኤአይ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2022 የለቀቀው፣ ድምፅን ወደ ጽሑፍ የሚቀይረው ዊስፐር የተባለ ፕሮግራም፣ ቋንቋ ካልተነገረው የመጀመሪያዎቹን 30 ሰከንዶች ሰምቶ ይገምታል፤ መልእክቱ በዝምታ፣ በታክሲ ሙዚቃ ወይም በእንግሊዝኛ ቃላት ከጀመረ ግምቱ ይስታል። ስለዚህ ቋንቋውን «አማርኛ» ብለው በእጅዎ ይምረጡ። በዝርዝሩ ውስጥ አማርኛ ከሌለ መሣሪያውን መቀየር እንጂ መታገሉ ጥቅም የለውም፤ ለምሳሌ ዋትሳፕ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 ያስተዋወቀው የድምፅ ግልባጭ ሲጀመር አማርኛን አላካተተም። የጉግል የስልክ ኪቦርድ ጂቦርድ ግን እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በአማርኛ የተነገረን ይጽፋል።

ፋይሉን አልቀበልም ካለ

የቴሌግራም የድምፅ መልእክት የሚቀመጠው ኦፐስ በተባለ የድምፅ ማመቂያ ዘዴ ታምቆ፣ ኦግ በተባለ የፋይል ዓይነት ውስጥ ነው፤ ይህን የማያነቡ ፕሮግራሞች አሉ። በኮምፒውተር ላይ ቪኤልሲ በተባለው የድምፅና የቪዲዮ ማጫወቻ ወደ ዋቭ ወይም ወደ ኤምፒ3 ቢቀይሩት ችግሩ ይፈታል።

አንድ ሐረግ ተደጋግሞ ከተጻፈ ወይም ማንም ያልተናገረው ዓረፍተ ነገር ከገባ

ዊስፐር ድምፅን በ30 ሰከንድ እየቆረጠ ስለሚያነብ፣ በቁራጩ ውስጥ ዝምታ ወይም ጫጫታ ብቻ ሲያገኝ አንዳንድ ጊዜ ባዶ ከመተው ይልቅ የሚመስለውን ይጽፋል። መጀመሪያ ሲለቀቅ ከተማረበት 680,000 ሰዓት ድምፅ አብዛኛው እንግሊዝኛ በመሆኑም በአማርኛ ላይ ይህ ድካሙ ይብሳል። ረጅም ዝምታዎችን ቆርጠው ያውጡ፤ መልእክቱንም በአጫጭር ክፍሎች ይስጡት።

ቃላቱ ከግማሽ በላይ ከተበላሹ

ነፋስ፣ የተከፈተ ሬዲዮ፣ ስልኩን ከአፍ አርቆ መያዝ፣ አማርኛን ከእንግሊዝኛ ጋር መቀላቀልና የተናጋሪው የአነጋገር ዘዬ ሁሉ ምክንያት ሊሆኑ ይችላሉ። የተበላሸን ድምፅ በማጣሪያ ከማጽዳት ይልቅ እኔ የምተማመነው በሌላ መንገድ ነው፦ መልእክቱን በአንድ ስልክ በጆሮ ማዳመጫ እየሰማሁ፣ በሌላው ስልክ ጂቦርድን በአማርኛ ከፍቼ፣ ሐረግ በሐረግ እያቆምኩ በራሴ ድምፅ ጥርት አድርጌ እደግመዋለሁ። አሠራሩ የሚያታክት ይመስላል፤ ይሁን እንጂ የአክስቴን በዶሮዎችና በጎረቤት ጨዋታ የተሞላ መልእክት ሌላ ምንም መንገድ አላወጣልኝም። ላኪውን ማስቸገር የሚቻል ከሆነም ስልኩን ወደ አፉ አቅርቦ፣ አንዱን ጉዳይ በአንድ አጭር መልእክት እንዲልክ ይጠይቁት።

ጽሑፉ ልክ ሆኖ ትርጉሙ ከተሳሳተ

ከሁሉም የምፈራው ይህንን ነው፤ ምክንያቱም ስሕተቱ በዓይን አይታይም። የአማርኛ ፊደል መጥበቅንና መላላትን አይጽፍም። «ብሩ ነገ ይሰጣል» የሚል ግልባጭ ደርሶኝ፣ ብሩ የተባለው ሰው ነገ ገንዘብ ሊሰጥ ነው ብዬ አንብቤ ነበር። ድምፁን ስሰማው ግን «ይሰጣል» የሚለው ጠብቆ የተነገረ ነበርና፣ ገንዘቡ ነገ የሚሰጥ መሆኑን ብቻ የሚናገር ሆኖ ተገኘ። ማሽኑ አንድም ፊደል አልተሳሳተም። «አለ» እና «ገና» የሚሉትም እንዲሁ ናቸው፤ ጠብቀው ሲነበቡ ሌላ፣ ላልተው ሲነበቡ ሌላ ናቸው። ሥርዓተ ነጥብ የሌለው ግልባጭ ደግሞ ይህን ያባብሰዋል፤ አራት ነጥቡን የተናጋሪው ትንፋሽ በሚያርፍበት ቦታ፣ ድምፁን እየሰሙ እርስዎ ያስገቡ። በሁለት መንገድ የሚነበብ ቃል ሲያገኙ አጠገቡ ደቂቃውንና ሰከንዱን ይጻፉ፤ ተመልሶ ለመስማት ያመቻል።

በጽሑፉ ውስጥ ያለ ቃል ሲፈለግ ካልተገኘ

እርስዎ «ፀሐይ» ብለው ሲፈልጉ ማሽኑ «ጸሀይ» ብሎ ጽፎት ይሆናል። ድምፃቸው አንድ የሆኑት ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ ለኮምፒውተር የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ዋናውን ጽሑፍ ሳይነኩ ቅጂ ያዘጋጁና በቅጂው ላይ በፈልግና ተካ እያንዳንዱን ቡድን ከነእርባታው ወደ አንድ ፊደል ያምጡት፤ ሲፈልጉም በዚያው ፊደል ይጻፉ። በፊደላት ፈንታ ባዶ ሳጥን ከታየ ግን የጎደለው የግዕዝ ፎንት ብቻ ስለሆነ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን ይጫኑ።

ገንዘብ፣ መድኃኒትና ሰዓት ያለበት መልእክት ከሆነ

እነዚህን ከግልባጩ ብቻ አይውሰዱ። «በቀን ሁለቴ» እና «በቀን ሁለት» በጫጫታ ውስጥ በጣም ይቀራረባሉ፤ የሚዋጠውን ክኒን ግን ይለውጣሉ። ግልባጩ በውጭ ላለ ዘመድ በማሽን ተተርጉሞ የሚሄድ ከሆነም፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት የተባለው በፈረንጆቹ አቆጣጠር 9 ሰዓት እንደሆነ በቅንፍ ይጻፉለት። ድምፁንም ጉዳዩ እስኪያልቅ ድረስ አያጥፉት። የሌላ ሰው የጤና ወይም የቤተሰብ ምስጢር ያለበትን መልእክት ደግሞ በኢንተርኔት ወደሚሠራ አገልግሎት ከመጫንዎ በፊት ባለቤቱን ያስፈቅዱ፤ ካልፈቀደ ዊስፐርን በራስዎ ኮምፒውተር ላይ ጭነው፣ ድምፁ ከቤትዎ ሳይወጣ መገልበጥ ይችላሉ።