ጓሳ ላይ አስጎብኚ ለመሆን፦ ከሥልጠናው እስከ ፈቃዱ

በመንዝ አስጎብኚ መሆን የሚፈልግ ወጣት አብዛኛውን ጊዜ እንግሊዝኛ በመማር ይጀምራል። ቋንቋው ያስፈልጋል፤ መቅደም ያለበት ግን የመጀመሪያ ሕክምና ርዳታ ነው። የመንዝ ጥብቅ ስፍራ የሆነው ጓሳ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። እዚያ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ላይ ከሚገኘው ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። ተወልዶ ላደገበት ሰው ይህ አይታወቀውም፤ ከሁለት ቀን በፊት ከአውሮፕላን የወረደ እንግዳ ግን ደረጃ እንደወጣ ሰው ቁና ቁና ይተነፍሳል።

የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የሚሰጠውን የመጀመሪያ ርዳታ ሥልጠና ውሰዱ። ደም ማቆም፣ ስብራት ማሰር፣ ልቡ ለቆመ ሰው ደረቱን 30 ጊዜ ተጭኖ 2 ጊዜ ትንፋሽ መስጠት በእጅ እስኪለምድ ይደጋገም። ኦአርኤስ (ተቅማጥ ላለበት ሰው የሚሰጠው ዱቄት) የሚበጠበጠው አንዱ ፓኬት በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ነው፤ ውኃውን አሳንሶ ማወፈር በሽተኛውን ይጎዳል።

ከዚያ የከፍታ ሕመምን ለዩ። ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ ወይም ከድካም ጋር ከመጣ እንግዳው ያርፍ፤ ሕመሙ ሳይለቀው ከዚያ ከፍ አይበል። ቀጥ ባለ መስመር ተረከዙን ከጣቱ እያስነካ እንዲራመድ ጠይቁት፤ ከተንገዳገደ፣ ወይም ቁጭ ብሎም ትንፋሽ ካጠረው፣ ሌሊትም ቢሆን መውረድ አለበት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ወደ መሐል ሜዳ ከተማ ወሰድኩት ብሎ ሲረጋጋ ነው። ከተማዋ ራሷ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነች መኪና ለማግኘት ትጠቅማለች እንጂ መውረጃ አትሆንም። ስለዚህ ጉዞው ሳይጀመር ዝቅ ወዳለ ቦታ የሚወስደውን መንገድና የሾፌሩን ስልክ ያዙ። ከሁሉ የሚሻለው ግን መከላከሉ ነው፤ እንግዳው ወደ ጓሳ ከመውጣቱ በፊት ደብረ ብርሃን አንድ ሌሊት ቢያድር ሰውነቱ መልመድ ይጀምራል።

ብርዱም ያው ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል። የሚንቀጠቀጥ ሰው ገና ደህና ነው፤ ሳይሞቀው መንቀጥቀጡን ካቆመና ንግግሩ ከተንተባተበ ግን አደጋ ላይ ነው። እርጥቡን ልብስ አውልቃችሁ ደረቅ አልብሱት፣ በባና ጠቅልሉት፣ ከሥሩም ሣር አንጥፉ፤ ሙቀቱን መሬቱ ይወስድበታልና። አረቄ ፈጽሞ አትስጡ፤ ደም ወደ ቆዳ እየሳበ የውስጡን ሙቀት ያባክናል።

የጉዞ ሰዓት ስታሰሉ ለ5 ኪሎ ሜትር 1 ሰዓት፣ ለ600 ሜትር አቀበት ተጨማሪ 1 ሰዓት ያዙ፤ በዚያ ላይ ለከፍታው ግማሹን ጨምሩ። ስለዚህ 10 ኪሎ ሜትርና 300 ሜትር አቀበት ያለው መንገድ 2 ሰዓት ተኩል ሳይሆን ወደ 4 ሰዓት ይወስዳል። በጓሳ ጉም ድንገት ስለሚወርድ ይህን ሂሳብ ያልያዘ አስጎብኚ ገደል አፋፍ ላይ ይመሽበታል።

ስለ እንስሳቱ የምትናገሩት ትክክል ይሁን። ጭላዳ ዝንጀሮ ሣር በል ነው፤ ማታ ገደል ላይ ያድራል፤ የላይ ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን ካሳየ እያስጠነቀቀ ነውና ወደ ኋላ በሉ። ምግብ አትስጡት፤ የለመደ ጭላዳ የገበሬ ማሳ ይገባል። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው ከ500 ያነሰ አዋቂ ነው፤ የውሻ እብድ በሽታ ይፈጀዋልና ውሻ ይዛችሁ አትውጡ። ጓሳ ላይ በተደረገ ጥናት ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መሃል አይጥ ሲያድን ከሙከራው 67 በመቶ ሲሳካለት ብቻውን ሲሆን 25 በመቶ ብቻ ሆኗል። ሁለቱን አብረው ካያችሁ አትቅረቡ፤ እንግዳው ተቀምጦ በመነጽር ይመልከት።

ስለ ቄሮ ሥርዓትም አባቶችን ጠይቃችሁ ተማሩ። ይህ ሥርዓት ሕዝቡ የጓሳን ሣር ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ፣ አንዳንዴ ለዓመታት እየዘጋ፣ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ እስኪወጣ ድረስ የጠበቀበት ነው። ዛሬም ስፍራው የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ስለሆነ ይህን የማያውቅ ሰው ጓሳን አስጎበኘ አይባልም።

ወረቀቱ ቀላል ነው። በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የአስጎብኚነት ሥልጠና ጨርሳችሁ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ተፈተኑ፤ ምዘናው ጽሑፍም ተግባርም አለው። ለተግባሩ ስትዘጋጁ ጽሑፍ አትሸምድዱ። ጓደኞቻችሁን እንደ እንግዳ ይዛችሁ ሜዳ ውጡ፤ በጣም ቀርፋፋውን ከፊት አድርጉ፣ በየ20 ደቂቃው ቁጠሯቸው። ካለፋችሁ በኋላ የምስክር ወረቀቱን ይዛችሁ ወደ ወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤትና ወደ ጥብቅ ስፍራው ሂዱ፤ የመጀመሪያዎቹን ጉዞዎችም ነባር አስጎብኚ ተከትላችሁ ውጡ።